ነጎድጓዱ ገና መንገድ ላይ ነው

እንቅልፍም መምጫውን የሚያውቀው ሲመሽ አይደል፣ እዚህ ግን አይመሽም፣ ፀሐይዋ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው እየዞረች ሰማይ ላይ ታድራለች፣ ጥቁሩን መጋረጃ ግጥም አድርጌ ብስበውም በጎኑ ሾልካ ትገባና ግድግዳው ላይ ቀጭን መስመር ታሰምራለች፣ እኔም ያንን መስመር ሳይ አድራለሁ፣ አድራለሁ ማለቴም ከልማድ ነው እንጂ የምን ማደር። መጀመሪያ የመጣሁ ዓመት "አባዬ፣ እዚህ ሰኔ ላይ ጭራሽ አይመሽም" ብዬ ስነግረው "ታዲያ ኮከብ የምታጠና ሰው ምን ልትሠራ እዚያ ሄደች?" አለኝና ሳቀ፣ ሳቁ ሁልጊዜ ከሳል ጋር ነው የሚወጣው፣ የጠመኔ ብናኝ ነው ይላል፣ ሐኪም ሌላ ቢለውም እሱ የጠመኔ ብናኝ ነው ይላል። ጥያቄው ግን ልክ ነበር። ኪሩና ማለት የስዊድን ሰሜን ጫፍ ናት፣ በዚህ ወር አንድም ኮከብ አይታይባትም፣ እኔም ሰማይ አላይም፣ ሌሎች ሰዎች ከሌላ አገር ተራራ ላይ ያዩትን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ እደምራለሁ፣ እቀንሳለሁ። ሃይማኖት ሰይፈ ሚካኤል፣ የመቱው የፊዚክስ መምህር ልጅ፣ በዚህች ከተማ ስሟን አስተካክሎ የሚጠራት ሰው የሌላት፣ እነሆ ዓይኗን አፍጥጣ ተጋድማለች።

ትናንት ኦቦ ደበሳ ደወሉ። ኦቦ ደበሳ የአባቴ ጓደኛ ናቸው፣ እሱ ፊዚክስ እሳቸው አፋን ኦሮሞ እያስተማሩ አንድ ግቢ ውስጥ አብረው ያረጁ፣ ስልክ የሚባል ነገር የማይወዱ፣ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ደውለውልኝ የማያውቁ ሰው። "አካም ጂርታ፣ ሃይማኖት፣ ሥራው እንዴት ነው፣ ብርዱስ?" አሉኝ፣ ስለ ብርዱ ሳልመልስላቸው "አጠገብሽ ሰው አለ?" አሉ። የምን ሰው ነው ኦቦ ደበሳ? "የእኛ ሰው ነዋ። አበሻ። ቤተ ክርስቲያንስ የለም?" የለም አልኳቸው፣ በዚህ ከተማ እኔ የማውቀው አበሻ የለም፣ ቅርብ የሚባለው ሉሌዮ ነው፣ እሱም የግማሽ ቀን መንገድ ነው። "እንግዲያ ብቻሽን ነሽ" አሉ፣ ጥያቄ አልነበረም፣ ለራሳቸው ነው የነገሩት። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፣ ወይም ዘጉት።

ይሄን ጥያቄ እኔ የማላውቀው ሆኖ ነው? የእኛ አገር ሰው መርዶ በስልክ አይናገርም፣ ብቻውን ላለ ሰውም አይናገርም፣ ደጋፊ ይፈለጋል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ሰውየው ከአልጋው ሳይወርድ በር ይንኳኳል፣ ከዚያ በፊት ግን አገር ምድሩ አውቆ እሱ ብቻ ሳያውቅ ይከርማል። የጎረቤታችን የዲሪቤ ወንድም ጎሬ ሆስፒታል አርፎ እሷ አራስ ስለነበረች ሰፈሩ በሙሉ ተደብቆ ነው ለቅሶ የደረሰው፣ እናቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ገንፎዋን ይዛ ዲሪቤን ትጠይቅና ወጥታ እኛ ቤት ገብታ ጥቁሩን ትለብሳለች፣ ከዚያ በጓሮ ዞራ ለቅሶው ቤት ትገባለች። ዲሪቤ በኋላ አልተቀየመችም። "ባትደብቁኝ ኖሮ ወተቴ ይደርቅ ነበር" አለች። ታዲያ እኔ አራስ አይደለሁም፣ የምን ወተት አለኝ፣ ምኔ እንዳይደርቅ ነው የሚሳሱልኝ።

ወይም ምንም የለም፣ ደህና ነው፣ ኦቦ ደበሳ ሸምግለዋል፣ ሰው ሲሸመግል ይደውላል።

መቱ ክረምቱ ከባድ ነው፣ ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲደበድበው መምህር ሊናገር አይችልም፣ ሌሎቹ መምህራን እጃቸውን አጣጥፈው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃሉ፣ አባቴ ግን ዝናብ ሲመጣ ደስ የሚለው ሰው ነው፣ ሰሌዳው ላይ "ቁጠሩ" ብሎ ይጽፍና በመስኮቱ ወደ ሶር ሸለቆ ይጠቁማል። መብረቁ ብልጭ ሲል እንጀምራለን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ክፍሉ በሙሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ነጎድጓዱ ሲደርስ እናቆማለን፣ እሱ ያባዛና ስንት ሜትር እንደሆነ ይጽፋል። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነኝ፣ ልጁ ስለሆንኩ ማንም ከእኔ ጋር መቀመጥ አይፈልግም። ዝናቡ ሲያባራ "አያችሁ፣ ነገሩ ከሆነ ቆይቷል፣ ድምፁ ግን ገና መንገድ ላይ ነበር" ይላል፣ ያልገባቸው ካሉም ኦቦ ደበሳን ከጎን ክፍል ጠርቶ በአፋን ኦሮሞ ያስደግማቸዋል፣ ብርሃን፣ ኢፋ፣ ነጎድጓድ፣ በከካ፣ የእሱ አፋን ኦሮሞ ለገበያ እንጂ ለፊዚክስ አይበቃም ነበር። አንድ ቀን ያደታ የሚባል ተማሪ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ ብርሃን ጥንትም በዚሁ ፍጥነት ይሮጥ እንደነበር ማን አይቶ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ጠመኔውን አስቀመጠ፣ እጁን በጋዋኑ ጠረገ፣ "አላውቅም" አለ። መምህር አላውቅም ሲል ያን ቀን ነው መጀመሪያ የሰማሁት፣ አፈርኩበት፣ ጠረጴዛው ስር ልገባ ፈለግሁ። እሱ ግን ጥያቄውን ይዞ ቤት መጣ፣ እራት ላይም ይዞት ቀረበ፣ ከዚያ ወዲያ አልለቀቀውም።

እንዲህ ነው ነገሩ። አንዳንድ ኮከብ ሲሞት ይፈነዳል፣ ሱፐርኖቫ ይሉታል፣ ከእነዚያ ውስጥ አንደኛው ዓይነት ሁሉም ሲፈነዳ ብርታቱ አንድ ነው ለማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ደብዝዞ የታየው ሩቅ ነው፣ ደምቆ የታየው ቅርብ ነው። ታዲያ የሩቆቹ ሲለኩ ከታሰበው በላይ ደብዝዘው ተገኙ። ሳይንሱ ምክንያቱን ሲፈልግ ጠፈርን እያፋጠነ የሚለጥጥ አንድ የማይታይ ነገር አለ አለ፣ ስሙንም ጨለማ ኃይል ብሎ ጠራው። አባቴ ይሄን ሲያነብ ተናደደ፣ እውነቴን ነው፣ ሰው ጎረቤቱ አጥሩን ቢገፋበት እንደሚናደደው። "ያላየኸውን ነገር ጨምረህ ስሌት አታቃናም!" አለ፣ "ይልቅ ያደታ ያለውን እንሞክር። ብርሃን ጥንት ፈጣን ከነበረ የበለጠ መንገድ ሄዷል ማለት ነው፣ የበለጠ ከሄደ ይደበዝዛል። ጨለማ ኃይል ምን ያደርጋል?" ሐሳቡ የእነሱ ብቻ አልነበረም፣ ከእነሱ በፊት ብዙ ሊቅ አስቦታል፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ይሄን ስነግረው ደስ አለው እንጂ አልከፋውም። "አየሽ፣ እብድ አይደለሁም" አለኝ። ወደዚህ አገር ስመጣ አዲስ አበባ ድረስ ሸኝቶኝ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ፣ እናቴ ስታለቅስ እሱ ክንዴን ይዞ "ፈትሺውና የወጣውን ንገሪኝ። የወጣውን። እኔን ደስ የሚለኝን አይደለም" አለ።

ፈተሽኩት። ከሺህ በላይ ሱፐርኖቫ፣ የእያንዳንዱ ድምቀት፣ የእያንዳንዱ ርቀት፣ ጨለማ ኃይልን አውጥቼ በምትኩ የብርሃን ፍጥነት ከጠፈር ዕድሜ ጋር እንዲለወጥ ፈቅጄ። ቅርቦቹ ላይ እንዴት ያምራል፣ መስመሩ ነጥቦቹን እየነካ ይሄዳል፣ ያን ሳምንት በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። ሩቆቹ ላይ ግን ይስታል። ሁሉም ባንድ ወገን ነው የሚስቱት፣ ለማስተካከል ሌላ ነገር መጨመር አለብኝ፣ ለእሱም ሌላ፣ ያ ደግሞ አባቴ የከለከለው ነው። ጨለማ ኃይልን መልሼ ሳስገባና ፍጥነቱም እንደፈለገ ይሁን ብዬ ስለቀው ራሱ ሄዶ አለመለወጥ ላይ ተቀመጠ። ሐሳቡ ሞተ። ይሄን ካወቅሁ ከርሟል፣ ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ፣ ለጉባኤ ጽፌዋለሁ፣ ለአባቴ ብቻ አልነገርኩትም። በመጨረሻ ያናገርኩት ጊዜ ሳሉ እያቋረጠው "እና፣ ሩቆቹ ምን አሉ?" አለኝ። "ገና ናቸው አባዬ። መንገድ ላይ ናቸው" አልኩት። አመመኝ ብሎኝ ነበር፣ ሲሻለው እነግረዋለሁ አልኩ። ሲሻለው። ደህና አድርጌ ሸፋፍኜ፣ ሰዓቱን መርጬ፣ አጠገቡ እናቴ ባለችበት። ጉድ እኮ ነው፣ እኔም ያው የእነሱው ልጅ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። መጀመሪያ ኔትወርክ የለም ተባለ፣ እሺ፣ እኛ ጋ ኔትወርክ ሲጠፋ ሳምንታት ይጠፋል፣ አምናለሁ። ከዚያ እናቴ "አባትሽ ኡካ ሽምግልና ሄዷል" አለችኝ፣ እንዲያ የሚያስለው ሰው በክረምት መንገድ ለማን ነው የሚሸመግለው? እህቴ አቢጋኤል ደግሞ ያንኑ ሰሞን ስትደውል "ጎሬ ነው፣ ጠበል" አለች፣ ከኡካ ጎሬ እንዴት ሄደ ስላት "ያው ከዚያው" አለች። ከዚያ ተመልሷል፣ ግን ጉሮሮውን ታሟል፣ ሐኪም አትናገር ብሎታል። እናቴ ራሷ ድምፅዋ ተዘግቷል፣ ጉንፋን ነው ትላለች፣ ያ የልቅሶ ድምፅ ጉንፋን ነው ትላለች። ድሮ ስደውልላት ከግቢ ነበር የምታናግረኝ፣ ዶሮ ይጮሃል፣ ሰው ይገባል፣ "ማነው፣ ግቡ" እያለች ነበር የምታወራኝ፣ አሁን በር ዘግታ ነው፣ ከበሩ ወዲያ ብዙ ሰው ዝም ሲል ይሰማኛል። ብዙ ሰው ዝም ሲል ድምፅ አለው። አባቴ ደህና ነው የሚለውን ሐሳብ ለማዳን ኡካን ጨመሩ፣ ጎሬን ጨመሩ፣ ጉሮሮን ጨመሩ፣ ጉንፋንን ጨመሩ፣ እኔ ደግሞ በሥራዬ እንዲህ እየተጨመረበት የሚድን ሐሳብ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። እንደዚያም ሆኖ ትናንት ለአቢጋኤል "ጉሮሮው ሲሻለው ሳያናግረኝ እንዳታሳድሪው" አልኳት። እሺ አለች። ስልኩን ቶሎ ሰጠቻት ለእናቴ።

አልተኛም ካልኩ ልብስ ልጠብ። እዚህ አገር ልብስ ማጠቢያው የጋራ ነው፣ ምድር ቤት ነው፣ ሰዓትሽን አስቀድመሽ ትይዣለሽ፣ ከተያዘው ሰዓት ብታልፊ በሩ ላይ ወረቀት ይለጥፉብሻል፣ ማን እንደለጠፈው አይታወቅም፣ ደረጃው ላይ ስትገናኙ ፈገግ ይላሉ። ማለዳው የሚፈልገው ሰው ስለሌለ የእኔ ነው። ቅርጫቴን ይዤ ስወርድ በደረጃው መስኮት አንዲት መኪና አየሁ። መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ግራጫ፣ በጭቃ የተለወሰች፣ ከሩቅ የመጣች። ውስጧ ሰው አለ። ሁለት ሰው። እዚህ አገር በዚህ ሰዓት መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ሰው የለም፣ ቢኖርም ስልኩን እያየ ነው፣ እነዚህ ግን ምንም አያዩም፣ ፊት ለፊት ነው የሚያዩት፣ ተሳፋሪዋ ሴት ናት፣ ራሷ ላይ ነጭ ነገር አለ፣ ነጠላ ነው። ነጠላው ተዘቅዝቋል።

ቅርጫቱን ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት። ቁጭ አልኩ። ለምን አይወጡም? ለምን አይደውሉም? የሕንጻው በር ኮድ አለው፣ ኮዱን የሚነግራቸው የለም፣ እሱ ይሆናል አልኩ። ግን ወደ በሩ እንኳ አልመጡም። ሰውየው ሰዓቱን አየ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ እንደገና ሰዓቱን አየ፣ ያኔ ገባኝ። ጎህ እስኪቀድ እየጠበቁ ነው። ኦቦ ደበሳ "ጎህ ሲቀድ አርዷት" ብለዋቸዋል፣ እነሱም አደራ ነውና ሌሊቱን ሲነዱ አድረው እዚህ ደርሰው ጎህ እየጠበቁ ነው፣ ፀሐይዋ ደግሞ ከመንገዱ ጀምሮ ከፊታቸው አልጠፋችም፣ የቱ ጋ እንደሚቀድ ግራ ገብቷቸዋል። ልስቅ ነበር፣ አባቴ ይሄን ቢሰማ እንዴት ይስቅ ነበር፣ ቢሰማ አልኩ፣ ነበር አልኩ፣ አፌን በእጄ ያዝኩት።

እዚያው ተቀመጥኩ። ካልወረድኩ አይመጡም። ካልመጡ አልተነገረኝም። እስከዚያ አባቴ ጉሮሮውን ታሞ ቤት ነው፣ ጋቢውን ለብሶ ሬዲዮ እያዳመጠ፣ እናቴ ሻይ በማር ሰጥታው፣ ኦቦ ደበሳ አጠገቡ ተቀምጠው የድሮውን ርዕሰ መምህር እያሙ። እነዚህ ሰዎች ቸግሯቸው ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ቢቀመጡ፣ ነገም፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ፀሐይዋ አትጠልቅም፣ ፀሐይዋ ካልጠለቀች ጎህ አይቀድም፣ አባቴ አይሞትም። እንዲህ አሰብኩ፣ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ አሰብኩ። ከዚያ ሴትየዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስትተነፍስበት አየሁ። በርዷታል። ሞተሩን አጥፍተውታል፣ ድምፁ እንዳይቀሰቅሰኝ ይሆናል።

ወረድኩ። በሩን ስከፍተው ሁለቱም ደንግጠው ወጡ፣ ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ፣ ሽማግሌ ነው፣ በዕድሜ እናቴን ይበልጣል፣ ሴትየዋ የተዘቀዘቀውን የነጠላ ጥለት በእጇ ልትሸፍነው ሞከረች።

"ሃይማኖት ነሽ?" አሉ ሰውየው። "ዲንቃ እባላለሁ። የደበሳ የአክስቱ ልጅ ነኝ፣ የኖፓ አገር ሰው። ይቺ ባለቤቴ ናት፣ ኡርጌ። ከሉሌዮ ነው የመጣነው።"

"ደህና አደራችሁ፣ ጋሼ።"

"ደህና አደርሽ፣ ልጄ። እንዳንቀሰቅስሽ ብለን እኮ... እስኪነጋ ነበር የምንጠብቀው።"

እትዬ ኡርጌ ወደ ሰማይ ቀና አሉ። "አሁን ነግቷል እንዴ?"

"እዚህ አይነጋም፣ እትዬ። ስለማይመሽ። በርዶዎታል፣ ግቡ።"

ደረጃውን ስንወጣ ቅርጫቴን ጋሼ ዲንቃ ያለፈቃዴ አንስተው ይዘውልኝ ወጡ። ቤት ስንገባ አንቀመጥም አሉ፣ ሻይ ላፍላ ስል እትዬ ኡርጌ እጄን ያዙኝ፣ እጃቸው በረዶ ነው፣ የያዙት ግን አያያዝ ለመደገፍ ነው። እነዚህን ሰዎች አይቻቸው አላውቅም። ሲነዱ አድረዋል። መርዶ ነጋሪ ቢያንስ አምስት ስድስት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ እነሱ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሌላ ሰው ቢያጡ ይሆናል፣ ጋሼ ዲንቃ እንዴት እንደሚጀምሩ ጠፍቷቸው ኮፍያቸውን ያዞራሉ።

"እንግዲህ፣ ሃይማኖት፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ..." አሉና ቆሙ።

"አውቄዋለሁ፣ ጋሼ።"

"አወቅሽ? ማን ነገረሽ?"

"ማንም። አስቤ ነው የደረስኩበት። ግን ይንገሩኝ። ሰው ይንገረኝ።"

አስቦ መድረስ ሌላ ነው። አስቤ ስንት ነገር ላይ ደርሻለሁ፣ ሩቆቹ ሲመጡ ደግሞ ይስታል፣ ምናልባት ይሄም ይስት ይሆናል፣ ጋሼ ዲንቃ አይ፣ የመጣነው ለሌላ ነገር ነው ይሉኝ ይሆናል። እሳቸው ባለቤታቸውን አዩ። እትዬ ኡርጌ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "ኦብሲ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ በጆሮዬ፣ ቻይው ልጄ ማለታቸው ነው። ጋሼ ዲንቃ አፋቸውን ከፈቱ፣ ድምፅ አልወጣቸውም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነኝ። መብረቁ ብልጭ ካለ ቆይቷል። ከንፈሬ እየቆጠረ ነው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣

"አባትሽ አርፈዋል።"

እትዬ ኡርጌ ናቸው ቀድመው የጮኹት። አይተውት የማያውቁትን ሰው "ወየው መምህሩ፣ ወየው የአገር አባት" እያሉ፣ ድምፃቸው የሕንጻውን ደረጃ ሞላው፣ ከላይ በር ሲከፈት ሰማሁ፣ ከታች በር ሲከፈት ሰማሁ፣ ከምሽት እስከ ጧት ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ አለ፣ ይለጥፉብኝ። እኔ ወለሉ ላይ ነኝ። የተናገርኩት ግን ለቅሶ አልነበረም፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ "አባዬ፣ አልተለወጠም፣ ፍጥነቱ አልተለወጠም፣ ድሮም እንዲሁ ነበር" ነው ያልኩት።

እትዬ ኡርጌ ልቅሷቸውን ገታ አድርገው ጎንበስ አሉብኝ። የምለው አልገባቸውም፣ ለማን እንደምለው ግን ገብቷቸዋል።

"ንገሪው፣ ልጄ" አሉኝ። "ይሰማሻል፣ ንገሪው።"

ነገርኩት። ከቅርቦቹ ጀምሬ፣ መስመሩ እንዴት ያምር እንደነበር፣ ከዚያ የት ጋ እንደሳተ፣ ሳልሸፋፍን፣ ሩቆቹን ሳይቀር ነገርኩት።